ከግድግዳ ውጭ የሚነድ እሳት

ወንጪ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ ለለንሳ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ሰላም ካለሽበት ድረስ መጥቶ ያግኝሽ። እኔም ባለቤቴ ወርቅቱም፣ ላሞቹም ፈረሶቹም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ ደብዳቤ የሚጻፈው እንደዚያ ነው። እኔ ግን አንድ የጎደለኝ ነገር አለና እሱን ሳልነግርሽ አላልፍም።

አትደንግጪ፣ ገንዘብ ልጠይቅሽ አይደለም። ውጭ አገር ልጅ ያላቸው ጎረቤቶቼ ብዕር የሚያነሱት ምን ሲጎድላቸው እንደሆነ አውቃለሁ። እኔን ያስቸገረኝ ጥያቄ ነው።

በፋሲካ ሰሞን የላክሽው ፎቶግራፍ ደርሶናል። ወርቅቱ አንቺን አየችና ከስታለች አለች። እኔ፣ ይቅር በይኝ፣ ያየሁት ከጀርባሽ ያለውን ነው። በረዶው መሐል ሁለት ቤት አለ። አንደኛው የዶሮ ቤት ቢያክል ነው፤ ከጣራው ላይ ጭስ ይትጎለጎላል። ትልቁ ቤት ጭስ የለውም፤ መስኮቱ ላይ ግን በረዶው ቀልጧል። ከጤና ረዳቱ አጉሊ መነጽር ተውሼ ሁለት ቀን አየሁት። በሁለቱ ቤቶች መካከል መሬቱ ላይ በረዶው የሳሳበት ቀጭን መስመር አለ። እሳቱ አንዱ ቤት ሆኖ ሙቀቱ በመሬት ውስጥ ወደ ሌላው ቤት ይሄዳል እንዳልል ሰው ይስቅብኛል፤ እንዳልተው ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ።

ለምን እንደምጠይቅ ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ የእንጨት ሥራ ወርክሾፔን ትንሽ እሳት ነክቶት ነበር። አዲስ ሠርተነዋል፣ ቆርቆሮም ለብሷል። ወርቅቱ ግን ከእንግዲህ በዚህ ጣራ ሥር ክብሪት አይጫርም ብላለች፤ ቃሏን ታውቂዋለሽ። የወንጪን ጠዋት ደግሞ አልረሳሽውም። ኮላው ሁለት ሳንቃ ሳላጋጥምበት ይረጋል፤ እኔም እስከ አምስት ሰዓት እጄን ብብቴ ከትቼ እቀመጣለሁ። ወንድምሽ ሚልኬሳ ከእሳቱ ወዲህ ወርክሾፑን አልረገጠም። ወደ ሐይቁ፣ ሐሮ ወንጪ፣ ወርዶ ለጎብኚ ፈረስ ይስባል። እንደሱ ያለ አናጺ ፈረስ ሲጎትት ማየት ያመኛል። እሳት ሳይገባበት የሚሞቅ ቤት ብሠራለት ይመለስልኝ ይሆናል፤ ሌላ የምመኘው ነገር የለኝም።

እናታችሁ ሁለታችሁን አደራ ብላኝ ነው ያረፈችው። እባክሽ፣ ያ የዶሮ ቤት ምንድን ነው?

አጎትሽ
ሂርጳ ነገራ

*

ስዊድን፣ ኅዳር 26 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ፣ እንደ አባት ላሳደጉኝ ለኦቦ ሂርጳ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? እንደ እናት ያሳደጉኝ አዬ ወርቅቱስ? እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ፤ የነርስነት ትምህርቱም እየገፋ ነው። አልከሳሁም በሉልኝ፤ ካፖርቱ ነው እንዲያ የሚያስመስለኝ።

ደብዳቤዎ በስድስተኛ ሳምንቱ ደረሰኝ። ያንን ትንሽ ቤት በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ፤ ምን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። የምኖረው ኒልስ ከሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ቤት አንዱን ክፍል ተከራይቼ ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው ከተማ ነው። ስምንት ወር አብረን ስንኖር ከ«በሩን ዝጊ» እና ከ«ነገ በረዶ ይጥላል» ሌላ ብዙም አልተነጋገርንም። የርስዎን ጥያቄ ይዤ ኩሽና ስገባ ግን ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ፎቶው ላይ ያለውን መስመር አይቶ ነው የጠየቀው ስላቸው ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ፋኖስ ይዘው ወደ ውጭ ወሰዱኝና ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩ። ግማሹ አልገባኝም፤ ገብቶኛል እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁ።

ልክ ብለዋል፤ ሙቀቱ በመሬት ውስጥ ይሄዳል። ትንሹ ቤት ውስጥ ትልቅ የብረት ሣጥን አለ። መሐሉ ላይ እንጨት ይነዳል፤ ዙሪያውን ውሃ ከቦታል። የሞቀው ውሃ በተቀበረ ቱቦ በትልቁ ቤት ወዳለው የእንጨት ወርክሾፕና ወደ መኖሪያው ይሄዳል፤ በግድግዳው ሥር ዞሮ ሙቀቱን ይለቅና ቀዝቅዞ በሌላ ቱቦ ይመለሳል። ያው አንድ ውሃ ሲሄድና ሲመለስ ይኖራል ማለት ነው። ወርክሾፑ ሰጋቱራና ፍቅፋቂ የሞላበት ስለሆነ አባታቸው እሳት እንዳይገባበት ብለው እንደሠሩት ነገሩኝ። የርስዎን ወርክሾፕ አሰብኩ።

ሽማግሌው አንድ ነገር አላምን ብለዋል፤ አፍሪካ ውስጥ ብርድ አለ መባሉን። ወንጪ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል ስላቸው እንደ ውሸታም አዩኝ።

አሁን የኔ ጥያቄ። «ትንሽ እሳት» ማለት ምን ማለት ነው? አዲስ ከተሠራ እኮ አሮጌው የለም ማለት ነው። ለሚልኬሳ አራት ደብዳቤ ጽፌ አንድም አልመለሰልኝም። እንኳን ፈረስ እየሳበ፣ ቢታሰርም ይጽፍልኝ የነበረ ልጅ ነው። እውነቱን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ
ለንሳ

*

ወንጪ፣ ጥር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለለንሳ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ደጅሽ አይጉደል። ደብዳቤሽ አምቦ ፖስታ ቤት አሥራ አንድ ቀን ከተቀመጠ በኋላ መምህር ቦንሳ አምጥቶልኛል። ለወርቅቱ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት፤ ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም።

ልጄ፣ አንድ ጠይቄሽ ሃያ ጥያቄ አስታቀፍሽኝ። ውሃው ይሄዳል ትያለሽ፤ ማን ነው የሚገፋው? መምህር ቦንሳን ብጠይቀው በመብራት የሚሠራ ሞተር አላቸው አለኝ። ወንጪ መብራት መቼ እንደሚገባ ያው አንቺም እኔም አናውቅም። ሽማግሌው አባታቸው ሠሩት ብለሻል፤ በአባታቸው ዘመን ሞተር ነበር? ካልነበረ በምን ገፉት? ቱቦው ስንት ክንድ ይቀበራል? ባሕር ዛፍ ቢነድበት ብረቱን አይበላውም? ውሃው ሲሞቅ ቀለሙ ይለወጣል? ይህንን የመጨረሻውን ለማወቅ ያህል ነው።

ሥራውን ጀምሬዋለሁ ማለት ይቻላል። አምቦ ሁለት በርሜል ገዝቼ በፈረስ አመጣሁ። አንዱ የዘይት ነበር፣ ሌላው የምን እንደነበረ ሻጩም አላወቀ፤ በእሳት አቃጥዬ አጠብኩት። ዓብዲሳ የሚባል በያጅ አለ፤ ብየዳው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን የሚበይደውን ነገር ምንነት ካልነገሩት እጁን አያነሳም። ሙቀት በመሬት የሚያሻግር ነው ስለው መሣሪያውን አስቀምጦ ሳቀብኝ። ፎቶውን ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። መስመሩን እሱም አየው። ከዚያ ወዲያ አልሳቀም፤ እንዲያውም ሲሠራ ልየው ብሎኛል።

ሚልኬሳ ደህና ነው። ለመጻፍ ጊዜ አላገኘም። ፈረሶቹ ብዙ ናቸው።

ለሽማግሌው ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ብርዱን ካላመኑ የኮላ ጣሳዬን እልክላቸዋለሁ በያቸው።

አጎትሽ
ሂርጳ

*

ስዊድን፣ የካቲት 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናና ሰላም ከቤትዎ አይራቅ። ቀና ብዬ እንደልቤ የምስቀው ደብዳቤዎ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ለዚህም ተባረኩ።

ማን እንደሚገፋው ጠየቅኋቸው። ኒልስ ይህንን ጥያቄ ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሱ፤ «አጎትሽ ሞኝ ሰው አይደለም» አሉኝ። በአባታቸው ዘመን ሞተር አልነበረም፤ ውሃው ራሱ ነው የሚሄደው። ትኩስ ውሃ ቀላል ነው፣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ከባድ ነው፣ ወደ ታች ይወርዳል። እሳቱ ከወርክሾፑ ዝቅ ያለ ቦታ መሆን አለበት። የሙቁ ቱቦ ሳያቋርጥ ወደ ላይ ብቻ ይውጣ፣ የቀዝቃዛው ሳያቋርጥ ወደ ታች ብቻ ይውረድ። መንገድ ላይ አንድ ጣት ያህል እንኳ ከጎበጠ ይቆማል። ወንጪ ደግሞ ከዳገትና ከቁልቁለት ሌላ ምን አለው? የርስዎ ወርክሾፕ ዳገት ላይ መሆኑን ስነግራቸው ደስ ብሏቸው ጠረጴዛውን መቱት።

ሦስት ማታ ተቀምጠው ሙሉውን ሥዕል ሠርተውልኛል። የስዊድንኛውን ጽሑፍ በአማርኛ አድርጌዋለሁ። አሁን ግን፣ አጎቴ፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ፣ ይቆጡኝ። ሥዕሉን መሐል ለመሐል ቀድጄ የታችኛውን ግማሽ ብቻ ልኬያለሁ። እሳቱ፣ በርሜሉና ተዳፋቱ እሱ ላይ አሉ። የላይኛው ግማሽ እኔ ጋ ነው።

ስለ ሚልኬሳ እውነቱን ሲጽፉልኝ በዚያው ሳምንት እልከዋለሁ። «ፈረሶቹ ብዙ ናቸው» ብለው ሲጽፉ ፊደልዎ ከመስመር መውጣቱን አይቻለሁ። ማታ ማታ ሞቷል እያልኩ እያሰብኩ ነው የማድረው። እንዲህ ከምሆን የመጣው ይምጣ።

ልጅዎ
ለንሳ

*

ወንጪ፣ መጋቢት 24 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለለንሳ፤

እግዚአብሔር ልብሽን ያሳርፈው፤ ወንድምሽ በሕይወት አለ። ይህንን አስቀድሜ ልጻፈውና ሌላውን ቀስ ብዬ ልቀጥል።

ቀኝ እጁ ተቃጥሏል። ሦስቱ ጣቶቹ አይታጠፉም፤ ቆዳው ብርድ ሲነካው ያመዋል። አምቦ ሁለት ወር ታክሟል። እንዳንነግርሽ የከለከለን እሱ ራሱ ነው፤ ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች አለ። እኛም ባሕር ማዶ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይጻፍም ብለን ተስማማን። እንዲህ ነበር የለመድነው፤ ሽማግሌ ሰብስበን ልንነግርሽ አገርሽ የምትገቢበትን ቀን ልንጠብቅ ነበር። ተሳስተናል።

ሌላም አለ፤ ይህንን ወርቅቱም አታውቀውም። ያን ቀን ጠዋት ኮላውን ላሞቅ ብዬ ወርክሾፑ ውስጥ በማንደጃ ከሰል አያያዝኩ። ሙለታ የሚባል ሰው የቆመ ዝግባ እሸጣለሁ፣ መጥተህ እየው ብሎ ጠራኝ። አሁን እመለሳለሁ ብዬ ትቼው ሄድኩ። ዛፉን አየሁ፣ ዋጋ ተከራከርኩ፣ ምሳ ብላ አሉኝና በላሁ። ሚልኬሳ ሲደርስ ሰጋቱራው ተያይዞ ነበር። የአባቴን የመላጊያና የመሮ ሣጥን ሊያወጣ ገባ። ሣጥኑ ወጥቷል፤ ዛሬም የምሠራበት በሱ ነው። እሳቱ ከየት ተነሳ ሲሉኝ እንጃ አልኩ። እንጃ እንዳልኩ ይኸው ከዓመት በላይ ሆነኝ። ሚልኬሳም ጠይቆኝ አያውቅም። ማዕድ ስንቀርብ እጁን ላለማየት ግድግዳ ግድግዳ እመለከታለሁ። አፍሬያለሁ ለንሳ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

እንግዲህ ግማሹን ሥዕል ልትልኪልኝ ትችያለሽ፤ ግን ሳልጠብቀው ሠርቼዋለሁ። የታችኛውን ያየ አናጺ የላይኛውን መገመት አያቅተውም። በርሜሉን ከወርክሾፑ በታች ተዳፋቱን ቆፍሬ በድንጋይና በጭቃ አስቀመጥኩት። ቱቦው በውሃ ልክ እየተለካ ወጣ፤ ግድግዳውን ዞሮ ወረደ። ውሃ የሚሞላበት አንድ ቀጥ ያለ ቱቦ ከጣራው ጠርዝ በላይ ብቅ አድርጌ አቆምኩ።

ውሃውን በተመለከተ የራሴን ብልሃት ጨምሬያለሁ። ንጹሑ ምንጭ ሩቅ ነው፤ ከብቶቹን የምናጠጣው፣ እንደ አምቦ ውሃ ጋዝ ያለው ሆራ ግን ከወርክሾፑ ሥር ነው። ደግሞ አስቢው፣ የኛ ችግር ውሃውን የሚገፋ ማጣት አይደል? ሆራው ራሱን በራሱ የሚገፋ ውሃ ነው፤ ጠርሙስ ብትሞይው ክዳኑን ይወረውራል። እሱን ሞላሁት። በትንሽ እሳት ስሞክረው ቱቦው ሞቀ፤ ወርቅቱ በመዳፏ ይዛው አልለቅም አለች። አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ ውሃው በመሙያው ቱቦ እየፎነነ ጣራው ላይ ፈሰሰ። ያን ያህል ጉልበት ሜዳ ላይ ሲፈስ ማየት አልወደድኩም። ከወይራ ውታፍ ጠርቤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ በመዶሻ መታሁበት። አሁን ትንፋሽም አይወጣበትም።

ሙሉ እሳት የምናነድደው ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25 ቀን ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጠርቻለሁ፣ ዓብዲሳም ከአምቦ ይመጣል። ሚልኬሳን ለመንኩት። እስከ አጥሩ ድረስ እመጣለሁ ብሎኛል።

አጎትሽ
ሂርጳ

*

ቴሌግራም
ሚያዝያ 20 ቀን 1989 ዓ.ም.
ለኦቦ ሂርጳ ነገራ፣ ወንጪ፣ በአምቦ ፖስታ ቤት በኩል

ውታፉን ንቀሉ። ቱቦው ክፍት ይሁን። ካልሆነ ይፈነዳል። እሳት አታንድዱ። ለንሳ

*

ስዊድን፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለኦቦ ሂርጳ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ በሰላም እንዲያነቡት እየጸለይኩ ነው የምጽፈው። ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ገባ። ስለ ሚልኬሳ ያለውን አንብቤ አለቀስኩ፤ ከዚያ እንባዬን ጠርጌ የቀረውን ለኒልስ ተረጎምኩላቸው። ስለ ሆራው ስነግራቸው ፈገግ አሉ። ውታፉ ጋ ስደርስ ፊታቸው ተለወጠ። ካፖርታቸውን ሳይቆልፉ መኪናቸውን አስነስተው ቴሌግራም ወደሚላክበት ከተማ ወሰዱኝ። ቴሌግራሙ በላቲን ፊደል ካልሆነ አይሄድም ስላሉኝ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ጻፍኩት። መምህር ቦንሳ ያነብልዎታል።

ውሃ ሲፈላ መውጫ ይፈልጋል። መውጫ ካጣ ብረቱን ቀድዶ ይወጣል። እዚህ አገር አንድ ጎረቤታቸው እንዲህ ደፍኖት የቤቱ ጣራ እርሻ መሐል ተገኝቷል። የርስዎ ሆራ ደግሞ ገና ሳይፈላ የሚገፋ ውሃ ነው።

አሁን ልናገረው የሚገባኝን ልናገር። የቀደድኩት ግማሽ ሥዕል ላይ፣ ከሁሉ በላይ፣ ከጣራው ብቅ ያለ ቱቦ አለ። አጠገቡ ኒልስ በቀይ ጽፈዋል፤ እኔም በአማርኛ «ፈጽሞ አይዘጋም» ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ይህንን ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌ ሁለት ወር አስቀመጥኩት። እርስዎ ከኔ ደበቁ፣ እኔም ከርስዎ ደበቅሁ። አንድ ነገር ቢደርስባችሁ እንዴት እኖራለሁ?

ስለ ማንደጃው ለኔ ነግረውኛል። እኔ አልተቃጠልኩም፤ ይቅር የምልዎት ሰው እኔ አይደለሁም። ለሚልኬሳ ይንገሩት።

ሌላው ግማሽ ሥዕል አብሮ ተልኳል። መልስ እስኪመጣ ድረስ የምበላው አይጣፍጠኝም።

ለንሳ

*

ወንጪ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለለንሳ፤

ጌታ ይመስገን፤ ሁላችንም አለን። አንድም ሰው አልተጎዳም። ይህንን ደብዳቤ ዓብዲሳ ራሱ አምቦ ወስዶ ይጥልልኛል፤ በዚህ ሳምንት ከኔ ይልቅ እሱ ነው የተቻኮለው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እሳቱን አነደድን። ደረቅ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው የጨመርኩበት፤ አልሰሰትኩም። በአንድ ሰዓት ጊዜ ወርክሾፑ ሞቀ። ሃያ ሰው ያህል ውስጥ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አወለቁ። ዘማሪዎቹ መዝሙር ጀመሩ፣ ወርቅቱ እልልታውን አቀለጠችው። እኔ እንደ ሙሽራ መሐል ቆሜ ስለ ትኩስና ስለ ቀዝቃዛ ውሃ አስረዳለሁ። ግድግዳው ውስጥ ቱቦው ኳ ኳ ሲል ውሃው እየሄደ ነው ብዬ ለሰው እተረጉማለሁ።

ሚልኬሳ እንዳለው አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። ከዚያ ሆኖ በርሜሉ ይታየዋል፤ እኛ ግን ውስጥ ነን፣ አናየውም። የበርሜሉ ክዳን ሲያብጥ አየ። ወርክሾፑን ከዓመት በላይ ያልረገጠ ልጅ እየሮጠ በሩን በርግዶ ገባና «ውጡ!» አለ። መዝሙሩ ተቋረጠ። ማንም አልተነቃነቀም፣ ልጁ ያመመው መሰለን። ወርቅቱን በክንዷ ይዞ አወጣት፤ ያኔ ሌላው ተከተለ። ከዚያ ፈረስ የሚያስሩበትን ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ነቅሎ፣ ባልተጎዳ እጁ ጨብጦ፣ በዚያኛው ክንዱ ደግፎ፣ ውታፉን ከጎን መታው። በሦስተኛው ወጣ። ውሃው ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ሄደ፤ ጭጋጉ ሁላችንንም አለበሰን፤ ፈረሶቹ ገመዳቸውን በጥሰው እስከ ሐይቁ ወረዱ። ውታፉን እስከ ዛሬ አላገኘነውም።

ጭጋጉ ሲገፈፍ ሚልኬሳ አጣናውን ጥሎ ወደ እኔ መጣ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ይህንን እሳት የምነካው እኔ ብቻ ነኝ። እርስዎ እንጨትዎን ይሥሩ» አለኝ። ወርዶ እሳቱን በአመድ ማዳፈን ጀመረ።

ቴሌግራምሽ የደረሰኝ በዚያው ቀን ማታ ነው። አምቦ ከደረሰ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ አቶ ተሻለ የወንጪ ሰው ገበያ እስኪወጣ ጠብቆ ነው የሰጠው። መምህር ቦንሳ በፋኖስ አነበበልን። «ይፈነዳል» የሚለው ላይ ሲደርስ ሚልኬሳ ሳቀ። ሲስቅ ከሰማሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ማንደጃውን ግን አልነገርኩትም። ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ ቱቦው አወራሁ።

አጎትሽ
ሂርጳ

*

ወንጪ፣ ሰኔ 17 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእህቴ ለለንሳ፤

ሰላምታዬ በያለሽበት ይድረስሽ። የምጽፈው በግራ እጄ ነው፤ ፊደሉ እንደ ሰከረ ቢጋደም አትሳቂ። ብትስቂም ግድ የለኝም፣ ጻፍኩልሽ።

ቀደም ብዬ ያልመለስኩልሽ ጽሑፌን አይተሽ እንዳትጠይቂኝ ነው። አውቃለሁ፣ ይህም ውሸት ነበር። አሁን ቀዝቃዛ ጠዋት እጄን ያመኛል፤ በርሜሉ አጠገብ ስሆን አያመኝም። ጣቶቹ አይታጠፉም፣ ግን መላጊያውን በመዳፌ መግፋት ለምጃለሁ። ባለፈው ሳምንት ከአጎቴ ጋር ሆነን ለቤተ ክርስቲያኑ ስድስት አግዳሚ ወንበር ጨርሰናል። ኮላው ቀኑን ሙሉ ውሃ እንደሆነ ይውላል።

እሳቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። አሁን የምንሞላው የዝናብ ውሃ ነው። ሆራው ምን እንዳደረገ ማወቅ ፈልጌ ቱቦውን በመጋዝ ቆርጬ አየሁት። ውስጡ እንደ ኖራ ነጭ ድንጋይ ሆኗል፤ በሁለት ወር ውስጥ የአውራ ጣቴን ውፍረት ያክላል። ለሽማግሌው ቁራጩን ልኬላቸዋለሁ፣ ፖስታው ውስጥ ፈልጊው። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ድንጋዩ ከውሃው ውስጥ ነበር ወይስ እሳቱ ነው የሠራው? ውሃው እኮ ሲቀዳ ጥርት ያለ ነው። ቀዝቅዞ ቢያድርስ ያወጣዋል? እስኪመልሱልኝ በሦስት ጣሳ ቀድቼ አንዱን ፀሐይ ላይ፣ አንዱን ጥላ፣ አንዱን አመድ ላይ አስቀምጫለሁ። አዬ ወርቅቱ ከአጎቴ ተጋብቶበታል ትላለች።

ትናንት ጠዋት ዝናብ ነበር። አጎቴ ከወርክሾፑ ወርዶ እሳቱ አፍ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ ስለ ቱቦ አውርቶ ይሄዳል። ትናንት ስለ ቱቦ አላወራም። ቀኝ እጄን አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና አየው። ከእሳቱ ወዲህ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። አገላብጦ፣ እያንዳንዱን ጣት እየነካ፣ ቆይቶ አየው።

«ማንደጃውን ያያያዝኩት እኔ ነበርኩ» አለኝ። «ትቼው ሄድኩ። ዛፍ ለማየት ሄድኩ።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን። ስገባ የኮላው ጣሳ ከሰሉ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልከኝ? ወርክሾፑን እሳት ፈርተህ የተውከው መስሎኝ ነበር።»

«እሳትማ አልፈራሁም» አልኩት። «እስኪነግሩኝ ነበር የምጠብቀው።»

ወንድምሽ
ሚልኬሳ